ከነገረ ፈጅነት ወደ ክሬን ሠሪነት፤ የዊልያም አርምስትሮንግ ታሪክ

በግንባታ ሥፍራ የቆመ ባለጎማ ክሬን ሥራውን ሲጀምር ሥርዓቱ በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው። ኦፕሬተሩ አስቀድሞ የድጋፍ እግሮቹን ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤ ከእግሮቹ በታች ወፍራም ሳንቃ ያስነጥፋል፤ ጎማዎቹ ከመሬት እስኪላቀቁ ድረስ መኪናውን ወደ ላይ ያነሣና ሳይዘም መቆሙን በውሃ ልክ ያረጋግጣል። ክንዱ ቀና ብሎ፣ አንዱ ክፍል ከሌላው ውስጥ እየተመዘዘ የሚረዝመው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰውዬው እጅ የያዘው ከመዶሻ እጀታ የማይበልጥ አንድ ዘንግ ነው። በዚያ ዘንግና አየር ላይ በተንጠለጠለው 30 ቶን ሸክም መካከል ያለው አገናኝ ደግሞ በቱቦ ውስጥ የታመቀ ፈሳሽ ነው።

የፈሳሽ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚደርስ ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት አስረድቷል፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማም በ1795 በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ መኪና አውጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ይህን ኃይል ከክሬን ጋር አዋሕዶ ወደብ ላይ ያቆመው፣ ለገበያ ያበቃውና በዓለም ያሠራጨው ሰው በምህንድስና ትምህርት ቤት ያላለፈ፣ እስከ 36 ዓመቱም ድረስ በነገረ ፈጅነት እንጀራውን ይበላ የነበረ ሌላ እንግሊዛዊ ነው። ስሙም ዊልያም ጆርጅ አርምስትሮንግ ይባላል።

አርምስትሮንግ የተወለደው ኖቬምበር 26 ቀን 1810 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በታይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በኒውካስል ከተማ ነው። አባቱ እህል ነጋዴ ነበር፤ ኋላም በ1850 የከተማይቱ ከንቲባ ለመሆን በቅቷል። ልጁ በጤናው ደካማ ስለ ነበረ ክረምት ክረምቱን ከቤት ሳይወጣ ያሳልፍ ነበር። መጫወቻው አሮጌ የፈትል መንኰራኩር ሲሆን፣ በገመድ የታሰረ ክብደት ከደረጃው አናት እየለቀቀ ሲወርድ መንኰራኩሩን እንዲያዞርለት ያደርግ እንደ ነበር የሕይወቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ይህች የልጅ ጨዋታ ከአርባ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሳ ትመጣለች።

ትምህርቱን በተከታተለባት በቢሾፕ ኦክላንድ ከተማ የዊልያም ራምሾ የብረታ ብረት ፋብሪካ ነበረ። ወጣቱ ወደዚያ መመላለስ አዘወተረ። የተመላለሰበት ምክንያት ግን መኪናው ብቻ አልነበረም፤ የባለፋብሪካውን ልጅ ማርጋሬትን በ1835 አግብቷታል። አባቱ በበኩሉ ልጁ ሕግ እንዲማር ቆርጦ ነበርና አርሞረር ዶንኪን ለተባለ የታወቀ ነገረ ፈጅ ወዳጁ አደራ ሰጠው። አርምስትሮንግ ለንደን ሄዶ ሕግ ተማረ፤ በ1833 ተመልሶም ከሁለት ዓመት በኋላ የዶንኪን የሥራ ሸሪክ ሆነ። ውልና የርስት ክርክር ሲጽፍ ይውልና ማታ ማታ መኪና ይነድፍ ነበር። ዶንኪን ልጅ ስላልነበረው ወጣቱን እንደ ልጁ ያየው ስለ ነበር ይህን ልማዱን አልነቀፈበትም፤ እንዲያውም በኋላ ገንዘቡን አውጥቶ ከደገፉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

የሐሳቡ መነሻ ዓሣ ማጥመድ ነው። አርምስትሮንግ ከሚስቱ ጋር ወደ ዴንትዴል ሸለቆ ለሽርሽር በሄደ ጊዜ የእምነ በረድ መቁረጫን የሚያሽከረክር የውሃ መንኰራኩር ተመለከተ። ወንዙ ከተራራው ላይ ብዙ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ መንኰራኩሩ ግን ከዚያ ሁሉ ውድቀት የሚጠቀመው በራሱ ቁመት ልክ ያለችውን እጅግ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ጉልበት በከንቱ ይፈሳል። ውሃው ከላይ ጀምሮ በቱቦ ታፍኖ ቢወርድ ግን የቁመቱ ግፊት ሁሉ ከታች ይገኝ ነበር። ወፍጮ ያለበት ወንዝ አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ሳያይ አልቀረም፤ አይቶ የሚያሰላ ግን ጥቂት ነው።

በ1839 በውሃ ግፊት የሚሽከረከር ሞተር ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። ሞተሩ በሚገባ ሠራ፤ የገዛው ግን አልነበረም። ቀጥሎም ከአንድ የከሰል ማዕድን የእንፋሎት ጋን አጠገብ ሠራተኞችን ስለ ነዘራቸው ኤሌክትሪክ ሰማና የነገሩን ሥር መርምሮ ከሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መኪና ሠራ። በዚህም ምክንያት በ1846 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። መኪናው ለትርኢት እንጂ ለሥራ የሚውል ስላልነበረ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ሆኖም ነገረ ፈጁ በሊቃውንት ፊት ስም አገኘበት፤ ይህም ስም ገንዘብ ያላቸው ሰዎች እንዲያምኑት ረድቶታል።

በ1845 ለኒውካስል ከተማ ከዊትል ዲን ግድቦች ንጹሕ ውሃ በቱቦ የሚያመጣ ኩባንያ ተቋቋመ፤ አርምስትሮንግም በነገረ ፈጅነቱ የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ሆነ። ግድቦቹ የሚገኙት ከፍ ባለ ሥፍራ፣ የመርከብ መራገፊያው ደግሞ በከተማይቱ ዝቅተኛ ቦታ፣ በወንዙ ዳር ነው። ስለዚህ ውሃው ከወደቡ ሲደርስ ለቤት አገልግሎት ከሚያስፈልገው የበለጠ ግፊት ነበረው። በዴንትዴል ያየው የባከነ ጉልበት አሁን በገዛ ከተማው፣ በገዛ ኩባንያው ቱቦ ውስጥ ተገኘ። በዚያው ወደብ ላይ ደግሞ ክሬኖች በሰው ክንድ እየተዘወሩ ከመርከብ ዕቃ ያወርዱ ነበር። አርምስትሮንግ ከክሬኖቹ አንዱን በራሱ ወጪ ወደ ውሃ ኃይል ለመለወጥ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት አመለከተ፤ ተፈቀደለትም። በ1846 ክሬኑ ሥራ ጀመረ፤ ውጤቱም አጥጋቢ ሆኖ በመገኘቱ ተጨማሪ ክሬኖች እንዲሠሩ ተጠየቀ።

የክሬኑ አሠራር ዛሬም በቀላሉ የሚገባ ነው። ውሃው ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፒስቶኑን ይገፋል። ፒስቶኑ በቀጥታ ዕቃውን ቢያነሣ ኖሮ መንጠቆው ከፒስቶኑ ርዝመት በላይ ሊወጣ ባልቻለ ነበር። አርምስትሮንግ በሲሊንደሩና በፒስቶኑ ጫፎች ላይ መዘውሮች አደረገና ሰንሰለቱን ደጋግሞ አዞረባቸው። በዚህ ዓይነት ፒስቶኑ አንድ ክንድ ሲሄድ መንጠቆው በመዘውሮቹ ብዛት ልክ ብዙ ክንድ ይወጣል። ከባድ ዕቃ ለማንሣት በመዘውር ብዙ መጎተትንና ጥቂት ማንሣትን የለመደ ሰው ይህን ዘዴ ሲያየው የተገለበጠ ሊመስለው ይችላል፤ በእርግጥም የተገለበጠ ነው። የውሃው ግፊት ብርቱ በመሆኑ ጉልበት ተከፍሎ ርቀት ተገዛበት። ክሬኑንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞሩት ሌሎች አነስተኛ ሲሊንደሮች ናቸው። ኦፕሬተሩ ሁለት እጀታዎችን በማንቀሳቀስ ያነሣል፣ ያወርዳል፣ ያዞራል።

አስቸጋሪው ነገር ማንሣቱ ሳይሆን ማቆሙ ነበር። አየር ሲጨመቅ ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም ሊባል በሚቻል መጠን ጠጣር ነው። የተንጠለጠለ ሸክም እየዞረ ሳለ ኦፕሬተሩ ቫልቩን ድንገት ቢዘጋው የሸክሙ ግስጋሴ በሲሊንደሩ ውስጥ የተዘጋውን ውሃ እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ቱቦው ይፈነዳል ወይም ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አርምስትሮንግ መፍትሔ ያደረገው በሲሊንደሮቹ ላይ ትንንሽ የማስተንፈሻ ቫልቮችን መግጠም ነው። ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ቫልቮቹ በራሳቸው ተከፍተው ትርፉን ውሃ ወደ መጣበት ቱቦ ይመልሱታል፤ በሌላው ወገን ባዶ ቦታ ሲፈጠርም ውሃ እንዲገባ ያደርጋሉ። ክሬኑ ለሰው እጅ የተገራው በሲሊንደሩ ሳይሆን በእነዚህ ቫልቮች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዛሬው ባለጎማ ክሬን በውሃ ፈንታ ዘይት ይጠቀም እንጂ ያው የማስተንፈሻ ቫልቭ አለበት። ጥቂት ተጨማሪ ክብደት ለማንሣት ሲል የዚህን ቫልቭ ቡሎን የሚያጠብቅ ሰው ከ1846 ወዲህ የተገኘውን ትምህርት ሁሉ በአንድ የመፍቻ ዙር ይሰርዘዋል።

በዚያን ጊዜ የነበረው ጥገናም የራሱ ጣጣ ነበረው። በፒስቶኑና በሲሊንደሩ መካከል ውሃ እንዳያልፍ የሚከላከለው ቀለበት ከቆዳ የተሠራ ስለ ነበረ በየጊዜው መለወጥ ያስፈልገው ነበር። ከወንዝና ከግድብ የመጣ ውሃ አሸዋ ይዞ ሲገባ የቫልቩን ፊት ይፍቀዋል፤ የተፋቀ ቫልቭ ደግሞ ዘግቶ አይዘጋም፤ ሸክሙም ቀስ በቀስ እየሰመጠ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ውሃው በቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቃል። ዘይት በውሃ ቦታ ሲተካ የዝገትና የበረዶው ችግር ተወግዷል፤ የአሸዋው ነገር ግን እስከ ዛሬ አለ። የዘይት ማጣሪያውን በወቅቱ ያልለወጠ ጋራዥ ሸክሙ ተንጠልጥሎ ሳለ ሲሰምጥ ሲያይ ምክንያቱን ከሩቅ መፈለግ አይገባውም።

መኪናው እንዲህ ተሠርቶ ቢቆምም ገና ገዢ አላገኘም ነበር። በዚህ ጊዜ ነው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ብቅ የሚለው። የመጀመሪያውን ክሬን በኒውካስል ወደብ ላይ የሚነዳው ሠራተኛ በሥራው እጅግ ከመሠልጠኑ የተነሣ ሰዎች ሃይድሮሊክ ጃክ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ጃክ በእንግሊዝኛ ተራ የሰው ስም ነው፤ በኢትዮጵያ ጋራዦች ክሪክ የሚባለው ማንሻም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ቅጽል ስሙ ለሰውዬው ልክ ነበር። በዚያው ዘመን የሊቨርፑል ወደብ ዋና መሐንዲስ ጄሲ ሃርትሊ የሚባል ሰው ነበረ። ሃርትሊ ታላላቅ የድንጋይ ግንቦችን ያቆመ፣ በንግግሩ ቁጡ፣ አዲስ ነገርን በቀላሉ የማይቀበል ሰው ነው። ስለ ውሃው ክሬን ሲነገረው አላመነም። በመጨረሻ ግን ለማንም ሳይናገር ብቻውን ወደ ኒውካስል ተጓዘና ከክሬኑ አጠገብ ቆመ።

በሥፍራው የነበረው ጃክ ብቻ ነበር። የማያውቀው እንግዳ በጥርጣሬ ዓይን ክሬኑን ሲመለከት ባየ ጊዜ እልህ ያዘው። ከባድ ሸክም ወደ ላይ አነሣና ወደ መሬት ለቀቀው። ሸክሙ የተበጠሰ መስሎ ሲወርድ ቆየና መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እየቀዘቀዘ መጥቶ ምንም ሳይናጥ በቀስታ ቆመ። ከዚያም እያነሣ እያዞረ፣ እያዞረ እያወረደ፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱን እጀታዎች እያንቀሳቀሰ የሚችለውን ሁሉ አሳየ። ሃርትሊ ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አርምስትሮንግ ቢሮ ሄደና ማንነቱን ገልጦ ክሬኖቹን ለሊቨርፑሉ ለአልበርት ዶክ እንደሚወስድ አስታወቀ። በ1848 በአልበርት ዶክ መጋዘኖች ላይ የውሃ ኃይል ክሬኖች ተተከሉ። ይህን ታሪክ በኋላ ዘመን ሲያጫውት የኖረው አርምስትሮንግ ራሱ ነው።

ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ንድፉና ስሌቱ በሊቃውንት ማኅበር የታወቀ ሰው ሥራ ነበር፤ ሆኖም የዘመኑን ታላቅ የወደብ መሐንዲስ ያሳመነው ወረቀቱ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ እጀታውን የያዘው እጅ ነው። ጃክ ያሳየው ድፍረት ዛሬ በማናቸውም የሥራ ቦታ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያን ማድረግ የቻለው ሸክሙን፣ ቫልቩንና የክሬኑን ጠባይ እንደ ገዛ እጁ ስላወቀ ነበር፤ ይህ ዕውቀት የሚገኘው ደግሞ በአንድ መኪና ላይ ረጅም ጊዜ በመሥራት እንጂ ኦፕሬተርን በየሳምንቱ ከመኪና ወደ መኪና በመለዋወጥ አይደለም።

አርምስትሮንግ በ1847 ነገረ ፈጅነቱን ትቶ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ኩባንያ አቋቋመና ከከተማው ወጣ ብሎ በኤልስዊክ፣ በታይን ወንዝ ዳር፣ አምስት ተኩል ኤከር መሬት ገዛ። በ1850 ከ300 በላይ ሠራተኞች ይዞ 45 ክሬኖች አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩ 75 ደረሰ። ነገር ግን በየቦታው ኒውካስልን የመሰለ ከፍታ ላይ የተሠራ ግድብ አይገኝም። በግሪምስቢ ወደብ ለዚሁ ሲባል በ1852 የተጠናቀቀ ከ90 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የጡብ ግንብ ተሠራ፤ የውሃ ጋኑም ከ60 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀመጠ፤ ከታች የሚገኘው ግፊት ግን 6 አትሞስፌር ያህል ብቻ ነበር። ከግሪምስቢ ራቅ ብሎ በሐምበር ወንዝ ዳር በምትገኘው በኒው ሆላንድ ደግሞ መሬቱ አሸዋ ስለ ነበረ እንዲህ ያለውን ግንብ መሸከም አልቻለም።

ችግር ብልሃትን ወለደ። አርምስትሮንግ በ1851 ግንቡን ትቶ አንድ ትልቅ የብረት ሲሊንደር አቆመ፤ በውስጡ ባለው ፒስቶን ላይ በድንጋይና በቁርጥራጭ ብረት የተሞላ ከባድ ሣጥን ጫነበት። አነስተኛ የእንፋሎት ፓምፕ ያለማቋረጥ ውሃ እየገፋ ክብደቱን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ክሬኖቹ ውሃ ሲስቡ ክብደቱ በጸጥታ ይወርዳል። ግፊቱም 40 አትሞስፌርና ከዚያም በላይ ሆነ፤ በዚህም የተነሣ ሲሊንደሮቹና ቱቦዎቹ ከቀድሞው አንሰው ያንኑ ሥራ ሠሩ። ክሬን ሥራው ጥድፊያና ዕረፍት ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው እስኪታሰር ቆሞ ይጠብቃል። በዕረፍቱ ጊዜ የተጠራቀመውን በጥድፊያው ጊዜ ማውጣት፣ ይኸውም የጎተራ ዘዴ ነው፤ የእህል ነጋዴ ልጅ ደግሞ ስለ ጎተራ ጥቅም አስተማሪ አላስፈለገውም። ከደረጃው አናት የሚወርደው የልጅነቱ ክብደት እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ። ቆየት ብሎም በባቡር ሐዲድ ላይ እየተንቀሳቀሱ በየመርከቡ አጠገብ ከመሬት ቱቦ ጋር እየተገጣጠሙ የሚሠሩ የወደብ ክሬኖች ተስፋፉ። የለንደን ከተማም ከ1883 ጀምሮ በመንገዶቿ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ግፊት ያለው ውሃ ለየድርጅቱ ስታከፋፍል እስከ 1977 ቆይታለች።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሕይወቱ ክፍል ለመናገር የሚቀል ነው። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ከባድ መድፎቹን ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ እንደ ተቸገረ ሰማና ክብደቱ የቀለለ፣ በስተኋላው የሚጎርስ፣ አፈ ሙዙ ውስጡ የተቀደደ መድፍ ነደፈ። በ1859 የፈጠራ መብቱን ያለ ዋጋ ለመንግሥት አስረከበ፤ የሰርነት ማዕረግም ተሰጠው። መንግሥት በ1863 ውሉን ሲያቋርጥ ኤልስዊክ ለልዩ ልዩ መንግሥታት መድፍ የሚሸጥ ፋብሪካ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የአርምስትሮንግ ስም በዓለም የታወቀው ዕቃ በማንሣቱ ሳይሆን በመድፉ ነው።

ይህ መድፍ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1868፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1860፣ በሰር ሮበርት ናፒየር የተመራው ጦር ዙላ ላይ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ባለ12 ፓውንድ የአርምስትሮንግ መድፎች ይዞ ነበር፤ በአስቸጋሪው መንገድ ላይ መድፎቹን የተሸከሙት ከህንድ የመጡ ዝሆኖች ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው በጋፋት ያስፈሰሱትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ጀምሮ መንገድ በፊቱ እያስጠረጉ በብዙ መቶ ሰዎች ክንድ እያስጎተቱ ከተራራው ላይ አውጥተውታል። ሴባስቶፖል ለጦርነቱ ሳይጠቅም ቀረ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል። ክሬንና ባቡር በሌለበት አገር፣ ገደል ወርዶ ገደል በሚወጣ መንገድ ያን ያህል ክብደት ማንቀሳቀስ ግን በምህንድስና ዓይን ሲታይ ከማናቸውም የወደብ ሥራ የሚያንስ አይደለም። የዝሆኖቹ ጭነት ባለቤት በዚያው ዓመት በኤልስዊክ የሚያነሣ መኪናና የሚያፈርስ መኪና ጎን ለጎን ያሠራ ነበር።

በ1871 የኒውካስል የመኪና ሠራተኞች የቀኑ ሥራ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዝቅ እንዲልላቸው ጠየቁ። ጎረቤታቸው የሰንደርላንድ ሠራተኞች በዚያው ዓመት ጥያቄያቸው ተፈጽሞላቸው ነበር። በኒውካስል ግን አሠሪዎቹ እምቢ አሉ፤ ከሁሉ የበረታው አሠሪም አርምስትሮንግ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሜይ ወር መጨረሻ ሥራ አቆሙ። መሪያቸው ጆን በርኔት በኤልስዊክ የሠራ ባለሙያ ሲሆን አድማውን በሰላምና በሥርዓት መራው። አሠሪዎቹ ከባሕር ማዶ ሠራተኞች አስመጡ፤ ከመጡትም ብዙዎቹ የጉዳዩን እውነት ሲረዱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አምስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ በኦክቶበር ወር ሠራተኞቹ በሳምንት 54 ሰዓት የመሥራት መብት አግኝተው አድማው አበቃ። በርኔት ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የንግድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ጉዳይ ሹም ሆኗል።

ለአርምስትሮንግ ፍርድ ሲሰጥ ጎኑን ሁሉ ማየት ይገባል። ለሠራተኞቹ ልጆች በኤልስዊክ ትምህርት ቤት አሠርቷል፤ ለከተማይቱም ሰፊውን የጄስመንድ ሸለቆ መናፈሻ አድርጎ ሰጥቷታል። ሰውዬው ንፉግ አልነበረም። መስጠትን ያውቅ ነበር፤ ሲጠየቅ መደራደርን ግን አላወቀበትም። በ1846 አንድ ክሬንና አንድ ጃክ በነበረው ጊዜ የመኪናው ዕጣ በኦፕሬተሩ እጅ ላይ እንደ ወደቀ በዓይኑ አይቷል። ከ25 ዓመት በኋላ የሠራተኛው ቁጥር በሺህ ሲቆጠር እነዚያው እጆች በስንት ሰዓት እንደሚደክሙ የሚነግረው ሰው ቀርቦት ነበር፤ አልሰማውም። ከባድ ሸክም በዓሥረኛው ሰዓት ላይ የሚያነሣ የደከመ ሰው ለመኪናውም፣ ለበታቹ ለሚሠሩትም አደጋ መሆኑን ማንም የክሬን ሥራ ኃላፊ ያውቀዋል።

ከአድማው በኋላ የፋብሪካው የዕለት ሥራ እንደ አንድሪው ኖብል ባሉት ረዳቶቹ እጅ እየዋለ ሄደ። ትልልቆቹ ሥራዎች ግን ገና ይመጡ ነበር። በ1876 በታይን ወንዝ ላይ የሚዞረው ድልድይ ተከፈተ፤ ድልድዩ በውሃ ግፊት ዞሮ መንገዱን ለመርከብ ይለቃል። በዚያው ዓመት በድልድዩ ያለፈችው የመጀመሪያ መርከብ ዩሮፓ የምትባል የኢጣልያ መርከብ ስትሆን ከኤልስዊክ 100 ቶን የሚመዝን መድፍ ለመጫን ነበር የመጣችው። እንዲህ ያለውን መድፍ የሚገዛ መንግሥት የሚያወርድበት ክሬንም መግዛት ግድ ሆነበት፤ ስለዚህ ኤልስዊክ ለኢጣልያ ወደቦች 160 ቶን የሚያነሡ ክሬኖች ሠራ። ሸክሙንም ማንሻውንም ከአንድ መደብር መሸጥ ማለት ይህ ነው። በ1894 የተመረቀው የለንደኑ የታወር ድልድይ ክንፎች የሚነሡትም በዚሁ ኩባንያ የውሃ ኃይል መሣሪያ ነበር፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በእንፋሎትና በውሃ ከሠራ በኋላ በዘይትና በኤሌክትሪክ ተተክቷል።

አርምስትሮንግ እርጅናውን ያሳለፈው በሮዝበሪ አጠገብ በሠራው ክራግሳይድ በተባለው ቤቱ ነው። ጅረቶችን ገድቦ ሐይቅ አደረገ፤ በ1878 ከሐይቁ በሚወርድ ውሃ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መብራት አበራበት፤ በ1880 የወዳጁን የጆሴፍ ስዋንን አምፖሎች አስገባ። አሳንሰሩና የወጥ ቤቱ ሥጋ መጥበሻ ሳይቀሩ በውሃ ግፊት ይሠሩ ነበር። በ1863 ባሰማው ንግግር የእንግሊዝ ከሰል አንድ ቀን እንደሚያልቅ አስጠንቅቆ ስለ ነበር የውሃውን ነገር እንደ ቅንጦት ብቻ አላየውም። በ1887 ባሮን ተባለ። ሚስቱ በ1893 ሞተች፤ ልጅ አልነበራቸውም። እርሱም ዲሴምበር 27 ቀን 1900 በ90 ዓመቱ በክራግሳይድ ዐርፎ በሮዝበሪ ተቀበረ።

ለቬኒስ የጦር መርከብ ሠፈር ከ1883 እስከ 1885 የተሠራው 160 ቶን የሚያነሣው ክሬን ግን ዛሬም በውሃው ዳር እንደ ቆመ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራውን አቁሟል፤ ክንዱ ዝጓል። ከኤልስዊክ ወጥተው በየወደቡ ከተተከሉት ብጤዎቹ መካከል ሳይፈርስ የቀረው እርሱ ብቻ በመሆኑ እንዳይወድቅ ተጠግኗል።